የሳንጉዋን መኪና ለምን ፕላስተር ተለጠፈባት

(ፔቻቡሪ ከተማ። ሐሙስ ጠዋት። «የአያቴ ሙቀጫ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት የካሪ ቤት ደጅ። በሩ ጎን ትልቅ የድንጋይ ሙቀጫ ተቀምጧል፤ ዘነዘናው ውስጡ ቆሟል። ከፊቱ አዲስ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና። የካሪ ቤቱ ባለቤት ሳንጉዋን፣ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ የማያውቀው ነገር የሌለ፣ የቁስል ፕላስተር በጥርሱ እየቆረጠ መኪናዋ ላይ ይለጥፋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ማኖት የአበባ ጉንጉን በእጁ አንጠልጥሎ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ማኖት ታላቁን እንደ አገሩ ደንብ «ፒ» ይለዋል።)

ማኖት፦ ኧረ ፒ፣ እዚያ ላይ አትለጥፍ! መነኩሴው ሊባርኳት ሲመጡ ስሷን የወርቅ ቅጠል የሚያሳርፉት እዚያ ላይ ነው።

ሳንጉዋን፦ ሌላ ቦታ ያሳርፏት። ይሄ ቦታ ተይዟል።

ማኖት፦ በምን?

ሳንጉዋን፦ በፕላስተር።

ማኖት፦ ገና ዘጠኝ ቀኗ አይደል እንዴ? በዘጠኝ ቀኗ የት ቆሰለች?

ሳንጉዋን፦ አልቆሰለችም። ዓይኗ ነው።

ማኖት፦ ወይኔ! ዓይኗን ታመመች?

ሳንጉዋን፦ (ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ በሹክሹክታ) ድምፅህን ቀንስ። ካሜራ ነው። ስምንት ዓይን አላት ይህቺ። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሦስት በጎን በጎኗ። ስምንተኛዋ ከመሪው በላይ ሆና አንተን ነው የምታየው፤ ሾፌሩን፣ ዓይን ዓይንህን።

ማኖት፦ እኔን? ምኔን ብላ?

ሳንጉዋን፦ እንቅልፍ እንዳይወስድህ ነው ይላሉ።

ማኖት፦ ታዲያ ደግ ሥራ አይደል? እኔ መሪ ስይዝ ያንቀላፋኛል።

ሳንጉዋን፦ «ይላሉ» አልኩህ እኮ! አንተ የተባለውን ሁሉ ታምናለህ። ያየችውን ይዛ ዝም አትልም፤ በኢንተርኔት ትልካለች። ወደ ካምፓኒው። የት እንደሄድክ፣ ስንት ሰዓት እንደሄድክ፣ ከማን ጋር እንደሄድክ፣ ስትታጠፍ ፍሬቻ ማብራት አለማብራትህን።

ማኖት፦ ፍሬቻማ አላበራም።

ሳንጉዋን፦ ይኸው! ተመዘገበ!

ማኖት፦ (ደንግጦ መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ለመኪናዋ እጅ ይነሳል) ይቅርታ እመቤቴ። ከዛሬ ጀምሮ አበራለሁ።

ሳንጉዋን፦ ለማነው እጅ የምትነሳው?

ማኖት፦ ለሜ ያናንግ ነዋ። ለመኪናዋ ጠባቂ እመቤት። ስለ እሷ እያወራን አይደለም?

ሳንጉዋን፦ ወይ ጣጣ! እኔ ስለ ካምፓኒ አወራለሁ፣ አንተ ስለ መንፈስ!

ማኖት፦ እስቲ ልዩነቱን ንገረኝ። ታይሃለች፣ አንተ ግን አታያትም። የት እንደሄድክ ታውቃለች። ካስቀየምካት መኪናዋን መንገድ ላይ ታቆምብሃለች። ሜ ያናንግ አይደለችም?

ሳንጉዋን፦ (ትንሽ አስቦ) ሜ ያናንግ ያየችውን ለሌላ አትሸጥም!

ማኖት፦ እሱስ ልክ ነህ። እሷ አበባና ውሃ ካገኘች ይበቃታል።

ሳንጉዋን፦ ካምፓኒው ደግሞ «እስማማለሁ» የምትል ቃል ካገኘ ይበቃዋል። ውል አለ፤ መቶ አርባ ገጽ። መጀመሪያ ቀን ስትገባ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ካልተስማማህ ንቅንቅ አትልም።

ማኖት፦ ምን ይላል ውሉ?

ሳንጉዋን፦ መቶ አርባ ገጽ ነው አልኩህ!

ማኖት፦ እሺ፣ አንተ ምን አደረግክ?

ሳንጉዋን፦ ተስማማሁ!

(ሳንጉዋን የመኪናዋን በር ከፍቶ ይገባና ጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ለማኖት በምልክት ያወራዋል፤ መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ከንፈሩን፣ ከዚያ ፕላስተሩን ያመለክታል።)

ማኖት፦ ጥርስህን ነው?

(ሳንጉዋን «አይደለም» በሚል ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። እንደገና ጆሮውን፣ እንደገና ከንፈሩን።)

ማኖት፦ ጥርስህ ወደ ጆሮህ እየወጋህ ነው! እህቴን ልጥራት?

ሳንጉዋን፦ (ፈጥኖ ቀዳዳዋ ላይ ለጥፎ፣ በእፎይታ) ጆሮዋ ነው አንተ! ማይክሮፎን! እሱን እስክደፍን አፍህን ዝጋ ማለቴ ነበር።

ማኖት፦ ጆሮዋንም ደፈንከው?

ሳንጉዋን፦ ጆሮዋንም። ወንበሩ ደግሞ ክብደትህን ያውቃል፤ ትራስ አኖርኩበት። አሁን ሰላሳ ኪሎ ሆኛለሁ ለካምፓኒው።

ማኖት፦ እሰይ፣ ከስተሃል። (ጣቱን እየጠባ) ፒ፣ ጉንጉኑን ስሰፋ መርፌ ወጋኝ። አንዷን ፕላስተር ስጠኝ።

ሳንጉዋን፦ አንዷን ብቻ። ፓኬቱ እያለቀ ነው።

(ማኖት ተቀብሎ ጣቱን አገላብጦ ያያል፤ ፕላስተሯን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከታል።)

ሳንጉዋን፦ ለጣትህ አልነበረም እንዴ?

ማኖት፦ ሳየው ድኗል። ለክፉ ቀን ትቀመጥ።

ሳንጉዋን፦ (ስልኩን አውጥቶ የተለጠፈባትን መኪና ፎቶ እያነሳ) እስቲ ዘወር በል። ኢንተርኔት ላይ አወጣታለሁ፤ ሕዝቡ ራሱን መጠበቅ ይማር። «ሳንጉዋን ነኝ፣ ከቤቴ ደጅ፣ ከገበያው ጎን…» ይኸው፣ ሄደ።

ማኖት፦ ለማን ሄደ?

ሳንጉዋን፦ ለአራት ሺህ ሰው።

ማኖት፦ (ራሱን እያከከ) እኔ እንጃ። እኔ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት። እኔን የሚከተል ሰላይ በሁለተኛው ቀን ሥራውን ይለቃል። አንተስ፣ ፒ? ምን የምትደብቀው ነገር አለና ነው?

ሳንጉዋን፦ ምን… ምን እደብቃለሁ? ሂድ ውሃ ቅዳ! መነኩሴው በምን ሊረጩ ነው? በምራቅህ? ሂድ!

(ማኖት ባልዲ ይዞ ይወጣል። ሳንጉዋን ማንም አለመኖሩን አይቶ ወደ ተመልካቹ ይጠጋል።)

ሳንጉዋን፦ ሰሌዳውን አያችሁት? «የአያቴ ሙቀጫ»። ውሸት አይደለም፤ ነበረች። አያቴ የካሪ ድልህ ስትወቅጥ ሦስት ደጅ አልፎ ይሰማ ነበር። ሰው ከሌላ ከተማ እየመጣ ይበላ ነበር። አያቴ ሞተች። እኔ ወቀጥኩ። ደንበኛው ሸሸ። የገበያው ውሻ እንኳን አሽትቶ ሄደ! አንድ ቀን በራቻቡሪ መንገድ ሳልፍ አንድ ፋብሪካ አገኘሁ፤ ድልህ በባልዲ አሽገው ይሸጣሉ። በጣቴ ቀመስኩት። አያቴን! ቁርጥ የአያቴን እጅ! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ አላፍርም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በየሐሙሱ ማለዳ በጓሮ በር ገብቼ አራት ባልዲ ጭኜ እመለሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ይስማ ብዬ ባዶ ሙቀጫ እወቅጣለሁ። ሚስቴ ኡቦን አታውቅም። ማንም አያውቅም። ነገ የቤተ መቅደሱ በዓል ነው። ትልቁን ድስት የምጥደው እኔ ነኝ፤ «የጥንት እጅ» የሚለውን የምስክር ወረቀት በሕዝብ ፊት ሊሰጡኝ ነው። ቤት ውስጥ ያለኝ ድልህ ግን ለአንድ ሳህን አይበቃም! ዛሬ የግድ መሄድ አለብኝ። በምን ልሂድ? ከዓመት ወዲህ በየሐሙሱ የምሄድባትን አሮጌ ፒክአፕ ኡቦን ባለፈው ሳምንት ሸጠቻት። የቀረችኝ ይህቺ ባለ ስምንት ዓይን ናት!

(ማኖት ውሃውን ተሸክሞ ይመለሳል።)

ሳንጉዋን፦ (ድንገት ፊቱ በርቶ) ማኖት! ያቺ ለአንተ የሸጥኩልህ የመጀመሪያዋ የኤሌክትሪክ መኪናዬ፣ ቻርጅ አላት?

ማኖት፦ ሙሉ ናት።

ሳንጉዋን፦ ለዛሬ አውሰኝ። አንተ አዲሷን ንዳት።

ማኖት፦ እኔ? አዲሷን?

ሳንጉዋን፦ አዎ። ቤት፣ ገበያ፣ ቤት። ካምፓኒው አንተን እያየ ያዛጋ።

ማኖት፦ የእኔዋስ አትሰልልም?

ሳንጉዋን፦ (እየሳቀ) ያቺ? ያቺ ከመጀመሪያዎቹ ናት። ምንም አታውቅም። ደንቆሮ ናት፣ እንደ… (ማኖትን አይቶ ያቆማል) …በቃ ደንቆሮ ናት።

ማኖት፦ ደንቆሮ አትበላት፣ ፒ። እንደዚያ ስታወራኝ ከርማ?

ሳንጉዋን፦ ማን?

ማኖት፦ መኪናዋ። ሐሙስ ሐሙስ።

(ሳንጉዋን ሳቁ ፊቱ ላይ ይደርቃል።)

ሳንጉዋን፦ ሐሙስ… ምን ብላ?

ማኖት፦ ከአንተ በገዛኋት በሳምንቷ ነው፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ማለዳ ተነስቼ ዓሣ ላመጣ ገብቼ አስነሳኋት። በለሰለሰ የሴት ድምፅ ምን አለችኝ መሰለህ? «ዛሬ ሐሙስ ነው። እንደ ሁልጊዜው ወደ አያቴ እንሂድ?»

(ፕላስተሩ ከሳንጉዋን እጅ ይወድቃል።)

ሳንጉዋን፦ (ለተመልካቹ) ስሙን እኔ ነኝ ያስገባሁት! ኡቦን «ፋብሪካ» የሚል ካርታው ላይ እንዳታይብኝ ብዬ «አያቴ» አልኩት! ብልጥ ነኝ ብዬ!

ማኖት፦ ፀጉሬ ቆመ። አስከሬናቸው ሲቃጠል አበባ ያስቀመጥኩት እኔ፣ አያትህ እንዴት ይጠሩኛል? ቆይቼ ሳስበው ግን ሜ ያናንግ ናት አልኩ። ሽማግሌ ጠርቶህ እምቢ ይባላል? የሚወዱትን የዘንባባ ኬክ ገዛሁ፣ አበባ ያዝኩ፣ ሰንደል ያዝኩ። ግራ ስትለኝ ግራ፣ ቀኝ ስትለኝ ቀኝ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። «ደርሰዋል» አለችኝ። ቀና ብል ትልቅ የብረት በር፤ ከኋላው ረጅም ጭስ ማውጫ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ።

ሳንጉዋን፦ አስከሬን ማቃጠያ መሰለህ!

ማኖት፦ ሌላ ምን ይምሰለኝ? ሰንደሉን ለኩሼ በሩ ላይ ተንበረከክኩ። አያትህን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ ሙዛቸውን ሰርቄያቸዋለሁ። ዘበኛው መጣና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ወንድም፣ የድልህ መጫኛው በጓሮ ነው» አለኝ።

ሳንጉዋን፦ (በተስፋ) ከዚያ… አልገባህም። ወደ ቤትህ ተመለስክ። አይደል?

ማኖት፦ በጓሮ ዞርኩ። አንዲት ሴትዮ መኪናዋን ከሩቅ አይታ «የሳንጉዋን መኪና! ዛሬም አራት ባልዲ ነው?» አለች። መልስ ሳልሰጣት የአንተ ፒክአፕ መጣ። ዘልዬ ከበርሜሎቹ ኋላ ተደበቅኩ። ስትጭን አየሁህ። የአንዱን ክዳን ከፍተህ በጣትህ ቀመስክና ዓይንህን ጨፍነህ ቆምክ።

(ሳንጉዋን ሙቀጫው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል።)

ሳንጉዋን፦ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ታውቃለህ?

ማኖት፦ አውቃለሁ።

ሳንጉዋን፦ ለማን ነገርክ?

ማኖት፦ ለማንም።

ሳንጉዋን፦ ለኡቦንስ?

ማኖት፦ አልጠየቀችኝም።

ሳንጉዋን፦ እኔ ደግሞ አንተን ሞኝ ነው እያልኩ…

ማኖት፦ እሱንም አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ፒ። ባልዲዎቹን ጨርሰህ የት ነው የምትጥላቸው?

ሳንጉዋን፦ ከቤቱ ኋላ። ቆሻሻው ላይ።

ማኖት፦ የፋብሪካው ስም፣ የማስታወቂያዋ ሴትዮ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥሩ እንደተለጠፈባቸው?

(ሳንጉዋን ወደ ቤቱ ኋላ ዞሮ ያያል።)

ማኖት፦ ወረቀቱን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ የሚልጠው ማን ይመስልሃል? ካምፓኒው?

ሳንጉዋን፦ (ዓይኑ እንባ እያቀረረ) ማኖት… ወንድሜ…

ማኖት፦ ደግሞ ጠዋት ስትወቅጥ እፍኝ ጠጅ ሣር ጣል አድርግበት እንጂ። ባዶ ሙቀጫ ድምፁ ይለያል። ጎረቤቶቹ «ይሄ ሙቀጫ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ሲሉኝ «የፒ ሳንጉዋን ክንድ ኃይለኛ ስለሆነ ነው» እላቸዋለሁ። እስከ መቼ ስለ ክንድህ ልዋሽ?

ሳንጉዋን፦ (ተነስቶ እጁን ጨብጦ እየወዘወዘው) እኔ አፈርኩ። ከልቤ ነው የምነግርህ፣ አፈርኩ። አሁን ያቺን «አያቴ» የምትል ስም ከመኪናህ አጥፋልኝና…

ማኖት፦ ያኔውኑ አጠፋኋት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ አጠፋኋት።

ሳንጉዋን፦ (እየዘለለ) በቃ! ድነናል! አሮጌዋ ረስታለች፤ አዲሷ ደግሞ አታይ፣ አትሰማ! ቡራኬው እንዳለቀ በአንተዋ በርሬ እሄዳለሁ፣ ነገ ድስቴን እጥዳለሁ፣ ወረቀቴን እቀበላለሁ!

ማኖት፦ (ራሱን እያከከ) ፒ፣ አዲሷን መጀመሪያ ቀን ስትከፍታት ስም አስገባ አላለችህም?

ሳንጉዋን፦ ብላኛለች።

ማኖት፦ ምን ብለህ አስገባህ?

ሳንጉዋን፦ በአሮጌዋ የነበረኝን ስም፣ በአሮጌዋ የነበረኝን የይለፍ ቃል። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ማን ይሸመድዳል? እንዲያውም «የድሮውን ሁሉ ላምጣልህ?» አለችኝ።

ማኖት፦ አንተስ?

ሳንጉዋን፦ ተስማማሁ።

ማኖት፦ ፒ…

(ከመንገዱ ማዶ ሰው ይመጣል። ሽማግሌው መነኩሴ ከፊት፣ ኡቦን ትሪ ይዛ ከኋላቸው፣ ከእሷ ኋላ ግማሹ ሰፈር። ነገ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ሁለት ሰዎችም አሉበት፤ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አይተው ነው አድራሻውን ያገኙት። መነኩሴው የቡራኬውን ነጭ ልቁጥ በጣታቸው ነክረው የመኪናዋን ጣሪያ በውስጥ በኩል ነጥብ በነጥብ ያደርጉታል፤ ፕላስተሮቹን ያዩና ምንም ሳይሉ ያልፋሉ።)

መነኩሴው፦ መልካሟ ሰዓት ደርሳለች። አስነሳት፣ ልጄ።

ማኖት፦ (የሳንጉዋንን እጅ ይዞ) ፒ፣ አታስነሳት!

ሳንጉዋን፦ (በጥርሱ) ዝም በል፣ ሰው ያየናል። ዕውርና ደንቆሮ ናት አልኩህ።

(ደረቱን ነፍቶ ማስነሻዋን ይጫናል። መብራቶቿ ቦግ ይላሉ።)

የመኪናዋ ድምፅ፦ (ለሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ ጥራት) እንደምን አደሩ፣ አቶ ሳንጉዋን። ዛሬ ሐሙስ ነው። በቀድሞ መኪናዎ በስምዎ ያስቀመጧቸው ቦታዎች በሙሉ ከካምፓኒው መዝገብ መጥተዋል። እንደ ሁልጊዜው ወደ «አያቴ» እንሂድ? የታሸገ የካሪ ድልህ ፋብሪካ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። የጓሮው በር ክፍት ነው።

(ሁሉም ሙቀጫውን ያያሉ። ከሙቀጫው ሳንጉዋንን ያያሉ።)

ኡቦን፦ (ትሪውን ቀስ ብላ አስቀምጣ) አንተ ሰውዬ፣ አያትህ ፋብሪካ የከፈቱት ከሞቱ በኋላ ነው?

ሳንጉዋን፦ (ኪሱን እየዳበሰ፣ ባዶውን ፓኬት እያራገፈ) ፕላስተር! ፕላስተር!

የመኪናዋ ድምፅ፦ ፕላስተር የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ሁለት መቶ ሜትር ላይ አለ። እንሂድ?

ማኖት፦ ጆሮዋ በደንብ አልተደፈነም መሰለኝ።

ሳንጉዋን፦ አፏ! አፏን ረሳሁት! ማኖት፣ ያቺን ኪስህ ያለችውን! ቶሎ!

ማኖት፦ (ፕላስተሯን አውጥቶ፣ ለታላቅ እንደሚገባ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ያቀርብለታል) እንካ፣ ፒ። ግን ለእሷ አይደለችም። እሷ የነገሯትን ነው የተናገረችው።

(ሳንጉዋን ፕላስተሯን ያያል፣ ሕዝቡን ያያል፤ ልጦ የገዛ አፉ ላይ ይለጥፋታል።)